ሳንቲም የሚጎርሰው መኪና

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። መኪና ስል በጎማ የሚሄደውን ማለቴ አይደለም። የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንደምንለው ነው። ይህኛው የለስላሳ መጠጥ መሸጫ መኪና ነው። አስተናጋጅ የለውም፤ ሒሳብ ተቀባይ የለውም። ሳንቲም ታጎርሱታላችሁ፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይሰጣችኋል። በአሜሪካ አገር በነዳጅ ማደያው፣ በጸጉር ቤቱና በፋብሪካው ደጃፍ ቆሞ የስንቱን ሰው ጥም አስታግሷል።

ዛሬ ግን ከመጠጡ ይልቅ መኪናው ራሱ ተፈላጊ ሆኗል። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ይገዙታል፤ አድሰው በቤታቸው ያቆሙታል። ታዲያ አንዱ በጥቂት መቶ ዶላር ሲሸጥ፣ ሌላው ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም አሮጌ ናቸው። ላላወቀው ሰው ልዩነታቸው አይታይም።

ልዩነቱ ያለው በታሪካቸው ነው። ታሪኩን ያላወቀ ሰው ሲሸጥም ይታለላል፣ ሲገዛም ይታለላል። በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል የነዳጅ ማደያና ትንንሽ ሱቅ የሚያስተዳድሩ አሉ። ከጓዳው እንዲህ ያለ ብረት ተገትሮ የሚያገኝ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ዕቃውን እንደ ውራጅ ብረት በኪሎ መዝኖ ከመሸጡ በፊት ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል። እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ይመጣልን የነበረው ከእስክንድርያ መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚያች ከተማ፣ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ፣ ሄሮን የሚባል ሊቅ ይኖር ነበር። ይህ ሰው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በቤተ ጣዖት የሚቆም አንድ ዕቃ ይገልጻል። ሰው ሳንቲም በቀዳዳ ይጨምራል። ሳንቲሙ በውስጥ እንደ ሚዛን በተሠራ ዘንግ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ዘንጉ በክብደቱ ሲዘቀዝቅ በሌላው ጫፍ ያለው መክደኛ ይነሣል፤ ለመንጻት የሚሆነው ውሃ ይፈሳል። ሳንቲሙ ተንሸራቶ ሲወድቅ ዘንጉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ውሃውም ይቆማል። የመሸጫ መኪና ጥበብ ይኸው ነው። ሳንቲሙ ይመዝናል፣ ይገፋል፣ በሩን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የተጨመረ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ብዙም አልተሠራበትም። በ1883 በለንደን ከተማ ፖስት ካርድ የሚሸጥ መኪና ወጣ። በ1888 ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ በባቡር ጣቢያዎች ላይ ማስቲካ የሚሸጥ መኪና ቆመ። መጠጥ ግን ያስቸግራል። ማስቲካ አይሰበርም፣ አይፈስም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። ጠርሙስ ሁሉንም ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1886 በአትላንታ ከተማ ጆን ፔምበርተን የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ኮካ ኮላን ቀመመ። የአንድ ብርጭቆ ዋጋ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ሆነ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ 5። የመኪናው ታሪክ በሙሉ በእርሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በ1899 ከቻተኑጋ ከተማ ሁለት የሕግ ሰዎች መጡና የኩባንያውን ባለቤት፣ ‹‹መጠጥህን በጠርሙስ እያሸግን እንሽጥልህ›› አሉት። ባለቤቱ በጠርሙስ መሸጡ ብዙ ገንዘብ ያመጣል ብሎ አላሰበም። በ1 ዶላር ብቻ ፈቀደላቸው። ይባስ ብሎ ኩባንያው የሚሸጥላቸው የመጠጡ ቅመም ዋጋ እንዳይጨምር በውሉ ታሰረ። ውሉ የተሻሻለው በ1921 ነው። በዚህ መካከል ኩባንያው ምን ያድርግ? የቅመሙን ዋጋ ማስወደድ አይችልም። ስለዚህ ትርፉ የሚገኘው ብዙ በመሸጥ ነው። ጠርሙሱ እንዳይወደድ፣ ጠጪውም እንዳይሸሽ፣ በየግድግዳውና በየጋዜጣው ‹‹5 ሳንቲም!›› እያለ አስነገረ። ዋጋው በማስታወቂያ ታሰረ ማለት ነው።

ጠርሙሱን ማቀዝቀዝ ሌላ ጣጣ ነበር። በ1929 ግላስኮክ በሚባሉ ወንድማማቾች ፋብሪካ የተሠራ የበረዶ ሣጥን ወጣ። ጠርሙሶቹ በበረዶ ውስጥ ይቆማሉ፤ ባዶዎቹ ከሥር ይደረደራሉ። የሣጥኑ ዋጋ 12 ዶላር ተኩል ነበር። ግን ሣጥኑ ክፍት ነው። ሻጩ ዞር ሲል ማን ከፍሎ፣ ማን ሳይከፍል እንደወሰደ አይታወቅም። በ1937 በካንሳስ ሲቲ ከተማ ቬንዶ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው ለእነዚህ ሣጥኖች ሳንቲም የሚጠይቅ ክዳን መሥራት ነበር። ክዳኑ ቀይ ስለሆነ ‹‹ቀዩ ክዳን›› ተባለ። ክዳኑን ታዞራላችሁ፤ ሳንቲም ካልገባ ጠርሙሱ አይወጣም። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዙ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ መኪናዎች መጡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አዘገየው፤ ፋብሪካዎች ለጦሩ ዕቃ መሥራት ያዙ፣ ስኳርም በራሽን ሆነ። ሰላም ሲወርድ ግን መኪናው አገሩን ሞላው። በ1950 በአሜሪካ ከ400,000 በላይ የለስላሳ መሸጫ መኪናዎች ነበሩ። ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት የኮካ ኮላ ነበሩ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በእነዚያ ዓመታት የስኳሩ፣ የጠርሙሱና የሠራተኛው ዋጋ ሁሉ ጨምሯል። ኩባንያው ዋጋውን ወደ 6 ወይም ወደ 7 ሳንቲም ከፍ ማድረግ ፈለገ። መኪናው ግን እሺ አላለም! መኪናው የሚያውቀው አንድ ሳንቲም ብቻ ነው፤ ባለ 5 ሳንቲሙን፣ ኒክል የሚባለውን። በስፋቱና በክብደቱ ይለየዋል። መልስ አይመልስም። ቀጥሎ ያለው ሳንቲም ደግሞ ባለ 10 ነው። ከ5 ወደ 10 መዝለል ማለት ዋጋውን በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው። ሰው ይሸሻል።

ታዲያ በ1953 የኩባንያው ሹማምንት መንግሥት ባለ 7 ሳንቲም ተኩል ገንዘብ እንዲቀርጽላቸው ጠየቁ። አንድ ኩባንያ ለመጠጡ ሲል የአገሩ መንግሥት አዲስ ገንዘብ ያትምልኝ ብሎ ሲጠይቅ አስቡት! መንግሥት አልቀረጸም። ሌላም ዘዴ ተሞከረ። በአንዳንድ ቦታ ከ9 ጠርሙሶች መካከል አንዱ ባዶ ሆኖ በመኪናው ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። ባዶው የደረሰው ሰው እንደገና ሌላ 5 ሳንቲም ይጨምራል። እስቲ እርሳስ አንሡና አስሉት። 9 ጊዜ 5 ሳንቲም 45 ሳንቲም ነው። የተሸጠው ሙሉ ጠርሙስ 8 ነው። 45 ለ8 ሲካፈል 5.625 ይሆናል። ዋጋው ከግማሽ ሳንቲም በላይ ጨመረ ማለት ነው። ባዶው የደረሰው ሰው ምን እንዳለ ግን መገመት አያቅትም። ዘዴው በአገሩ ሁሉ አልተሠራበትም። የ5 ሳንቲሙ ዋጋ ቀስ በቀስ በየቦታው እየተለወጠ ሄዶ በ1959 አበቃ። በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ነው በአዲስ አበባ ኮካ ኮላ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው። እኛ መጠጡን ከባለ ሱቅ እጅ መቀበልን ለመድን፤ ቆርኪውን ከፍቶ፣ ባዶ ጠርሙሱን ቆጥሮ የሚረከበን ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለወሬ አይደለም። ዋጋ ለመገመት ስትነሡ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ይህ መኪና ከየትኛው ዘመን ነው?›› የሚለው ነው። በመኪናው ፊት፣ ከሳንቲም መግቢያው አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥር አለ። 5 ወይም 6 ወይም 10። ባለ 5 ሳንቲም ሆኖ ሳይለወጥ የቆየ የሳንቲም መቀበያ ያለው መኪና የዚያን ዘመን ታሪክ እንደያዘ ቀርቷል። ብዙዎቹ ዋጋ ሲጨምር መቀበያቸው ተነቅሎ በባለ 10 ተተክቷል። ይህ ነውር አይደለም፤ መኪናው በሥራ ላይ እንደነበረ ያሳያል። ግን ሻጩ፣ ‹‹ምንም አልተነካም›› ካላችሁ ቁጥሯን ተመልከቱ።

ቀጥሎ በሩን ክፈቱና ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፈልጉ። ከውስጥ ወይም ከኋላ በኩል ትገኛለች። በእርሷ ላይ የፋብሪካው ስም፣ የሞዴሉ ቁጥርና የመኪናው ተራ ቁጥር ተቀርጿል። ሞዴሉን ማንበብ ከባድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ መኪናው የሚይዘውን ጠርሙስ ብዛት ይነግራል። ቬንዶ 44 ማለት 44 ጠርሙስ የሚይዝ ነው። ቬንዶ 81 ደግሞ 81 ይይዛል። በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖ ከተማ የነበረው ቬንዶርሌተር የሚባለው ፋብሪካ ቪኤምሲ 27፣ ቪኤምሲ 33 እያለ ሠርቷል። ይህን ፋብሪካ በ1956 ቬንዶ ገዛው። በዚያችው በቻተኑጋ ከተማ ደግሞ ቀድሞ የቤት ዕቃ ይሠራ የነበረው ካቫሊየር የተባለ ፋብሪካ ነበር። ጄኮብስ 26 የሚባለው ደግሞ ራሱ ክብ ሆኖ የአሜሪካ ፖስታ ሣጥን ይመስላል። እነዚህን ስሞችና ቁጥሮች ያነበበ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ‹‹አሮጌ የኮካ መኪና አለኝ›› የሚል ሻጭና ‹‹ቬንዶ 44 አለኝ፤ ተራ ቁጥሩም ይኸው›› የሚል ሻጭ የሚቀርብላቸው ዋጋ አንድ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ መኪና ውድ ይመስለዋል። ብዙ ብረት አለበት፣ ብዙ ጠርሙስ ይይዛል። በገበያው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው የሚወደደው። ቬንዶ 44 ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቀጭን ነው፤ ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው። በማንኛውም በር ያልፋል፤ በሳሎን ጥግ ያምራል። ሰብሳቢ ሰው ዕቃውን ከቤቱ ነው የሚያኖረው፤ ሚስቱም ደግሞ የምትለው ነገር ይኖራታል። በ1960ዎቹ የመጡት ትልልቆቹና አራት ማዕዘኖቹ ግን ብዙ ናቸው፤ ለቤትም አይመቹም። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ክብደትም አይሆንም። እንደ ልብ የማይገኝ መሆኑ፣ መልኩና ለቤት መመቸቱ ነው የሚታየው።

ከዚያ ሙሉነቱን መርምሩ። የቆርኪ መክፈቻው አለ? ከመክፈቻው ሥር ቆርኪው የሚጠራቀምበት ሣጥንስ? የበሩ እጀታ፣ ጠርሙሱን የሚያወጣው ክፍል፣ የሳንቲም ሣጥኑ? እያንዳንዱ የጎደለ ነገር ተፈልጎ መገዛት አለበት። አንዳንዱ ዛሬም አዲስ ይሠራል፤ አንዳንዱ የሚገኘው ግን ከሌላ አሮጌ መኪና ተነቅሎ ነው። ቀጥሎ ጎንበስ በሉና የታችኛውን ወለል እዩ። ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳልና። የበሩ ቀለም ደብዝዞ ወለሉ ጤነኛ ከሆነ ጥሩ ነው። በሩ የሚያብለጨልጭ ሆኖ ወለሉ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ።

ስለ ቀለሙ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ተንኮሉ የሚበዛው በእርሱ ላይ ነውና። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ጽሑፉ ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ጎልቶ የተቀረጸ ነው። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ሌላ ለስላሳ ይሸጥ የነበረን መኪና ቀይ ቀብቶ፣ የኮካ ኮላን ጽሑፍ በወረቀት ለጥፎ የሚሸጥ አለ። ስለዚህ ጣታችሁን አሳልፉበት። በዚያ ሞዴል ላይ ጎልቶ መውጣት የነበረበት ፊደል ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ ጠይቁ። በበሩ ውስጠኛ ጠርዝና በብሎኖቹ ሥርም ተመልከቱ። ቀቢ እጁ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ የመጀመሪያው ቀለም በዚያ ይቀራል። ኮካ ኮላ በሰብሳቢዎች ዘንድ ብዙ ፈላጊ ያለው መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሌላ ለስላሳ መኪና ሆኖ እንደ ልብ የማይገኝ ከሆነ ከኮካው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ያን ቀይ ቀብቶ ማጥፋት ገንዘብን እንደ ማቃጠል ነው።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። ‹‹ኮካ ኮላ›› ተብሎ በፊደላችን የተጻፈበትን አሮጌ ጠርሙስ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ለእነርሱ ዋጋው ያለው በጽሑፉ ነው። ጽሑፉ ተፍቆ ከሄደ ተራ ጠርሙስ ይሆናል።

አሁን ሰዎች የሚከራከሩበት ጥያቄ ይመጣል። አሮጌውን እንዳለ መተው ይሻላል ወይስ ማደስ? የእኔ አስተያየት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቀለም አብዛኛው ካለ፣ ቢጫጫርም ቢደበዝዝም፣ ጠርጋችሁ ተዉት። ቀለም አንድ ጊዜ ከተፋቀ የፋብሪካውን ቀለም ማንም አይመልሰውም። ዝገቱ የበላው፣ ቀድሞም በሌላ ሰው የተቀባ ከሆነ ግን ማደሱ አይጎዳውም። ያም ቢሆን በቅድሚያ ሒሳብ ይሠራ። ለምሳሌ እንበል፤ አንድ ሰው መኪናውን በ500 ዶላር ገዛው። ለቀለም፣ ለጎደሉት ዕቃዎችና ለሞተሩ 3,000 ዶላር አወጣ። ድምሩ 3,500 ሆነ። ያ ሞዴል ታድሶ በገበያ የሚያወጣው 2,500 ከሆነ 1,000 ዶላር ከሰረ። ለፍቅሩ ካደረገው ይሁን፤ ለትርፍ ካደረገው ግን ተጎዳ። ለዚህ ነው በተለይ ትልልቆቹ መኪናዎች ብዙ ጊዜ ሳይታደሱ የሚቀሩት።

ሲታደስም አደጋ አለው። የዚያን ዘመን ቀለም እርሳስ የሚባለው ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቀለም ለቤት እንዳይሸጥ የተከለከለው በ1978 ነው። በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሲፋቅ አቧራው ይመርዛል፤ ከሁሉም በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። የማቀዝቀዣው ጋዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አር-12 የሚባለው ነው። ይህ ጋዝ ከምድር በላይ ከፀሐይ ጨረር የሚከልለንን አየር የሚያሳሳ ሆኖ ስለተገኘ፣ በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ እንዲቀነስ ተወሰነ። አሜሪካም ከ1995 መጨረሻ ወዲህ ማምረቱን አቆመች። ስለዚህ ቱቦውን ቆርጦ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ አይገባም፤ በአሜሪካ በሕግም የተከለከለ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱም ሽፋኑ አርጅቶ የተሰነጣጠቀ ይሆናል። ሻጩ ‹‹ይሠራል፣ ላሳይህ›› ብሎ ሶኬት ውስጥ ሲሰካው ራቅ በሉ። እንዲያውም ማቀዝቀዙ በዋጋው ላይ የሚያመጣው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም። ሞተር ይጠገናል፣ ይለወጣልም። ቆርቆሮው፣ የሳንቲም መቀበያውና ጽሑፉ ናቸው የማይተኩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋጋው ስንት ነው ትሉኝ ይሆናል። ይህን የሚነግራችሁ ገበያው ነው፤ ግን ገበያውንም ማንበብ ያስፈልጋል። መርካቶ ሄዳችሁ ነጋዴው መጀመሪያ በሚጠራው ዋጋ ጋቢ ትገዛላችሁ? አትገዙም። የተጠራ ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ ይለያያሉ። በአሜሪካም ሰው፣ ‹‹የእኔ መኪና 8,000 ዶላር ነው›› ብሎ ዓመት ሙሉ ሊጽፍ ይችላል። ያን ማንም ካልገዛው ቁጥሩ ምኞት ነው። የጨረታ ቤቶች የተሸጠበትን ዋጋ ያሳውቃሉ። ያንኑ ሞዴል፣ በዚያው ይዞታ ያለውን፣ በቅርብ ጊዜ የተሸጠውን ፈልጋችሁ ሁለት ሦስቱን አወዳድሩ። የታደሰውን ከታደሰው፣ ያልተነካውን ካልተነካው ጋር እንጂ አታደባልቁ። የማጓጓዣውንም አትርሱ። ቬንዶ 81 ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከሩቅ አገር በርካሽ የተገዛ መኪና ቤት እስኪደርስ ውድ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አንዳንዱ መኪና በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፍቶ ይገኛል። እንዲህ ያለውን በመሮና በመዶሻ አትፈልፍሉት፤ በሩን ያጣምመዋል። ቁልፍ ሠሪ ጥሩ፤ የቁልፉን ጉሮሮ ብቻ ነቅሎ ይከፍተዋል፣ ሌላም ይተካበታል። ለዓመታት ሳይከፈት የቆየ በር ውስጡን ከፀሐይና ከነካኪ እጅ ጠብቆት ይሆናል። የብረት ሰሌዳዋ፣ የፋብሪካው ቀለም፣ አንዳንዴም ያልተነሣ ባለ 5 ሳንቲም በዚያ ይገኛሉ። ሲከፈት መጀመሪያ ምንም ሳታነሡ በባትሪ መብራት ሰሌዳዋን ፈልጉና ያነበባችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።